የቆየ የኪስ ሰዓትን ማንነት መለየት፦ ከማሽኑ ተነስቶ ወደ ገጹ የሚሄድ ዝርዝር መመሪያ

ከአያት የተወረሰ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ የኪስ ሰዓት እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነበው ገጹ ላይ ያለውን ስም ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎም ያገኘውን ዘመንና ዋጋ የራሱ ሰዓት ዘመንና ዋጋ አድርጎ ይወስዳል። ይህ አካሄድ ከመነሻው የተገላቢጦሽ ነው። ገጹ በጥገና ጊዜ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ስሙም የሠሪው ሳይሆን ሰዓቱን የሸጠው ባለሱቅ ሊሆን ይችላል። የኪስ ሰዓት ሲታይ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ማሽኑ፣ ቀፎውና ገጹ ብዙ ጊዜ በተለያዩ ፋብሪካዎች፣ አንዳንዴም በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ሦስት ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ሦስቱም ለየብቻቸው መመርመር አለባቸው፤ ከሦስቱም ለመዋሸት በጣም የሚቸገረው ማሽኑ ስለሆነ የምርመራው መጀመሪያ እሱ ነው።

መመሪያው በዋናነት ከ1850ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካ፣ በስዊዘርላንድና በእንግሊዝ ስለተሠሩ ሰዓቶች ነው፤ ዛሬ በየቤቱና በየገበያው የሚገኙት አብዛኞቹ ከእነዚህ አገሮች የወጡ ናቸው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቀፎው ላይ በአማርኛ የተቀረጸ የስጦታ ጽሑፍ ካለ ግን ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል፣ ከማሽኑ ዘመን ጋር ከማነጻጸር በፊት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጨመር ያስፈልጋል።

ከመክፈት በፊት

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ከጎን የሚበራ የእጅ ባትሪ፣ በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና የማስታወሻ ደብተር። የማያስፈልጉትን መዘርዘር ይበልጥ ይጠቅማል። ካቻቢቴ ገና አያስፈልግም፤ የስፌት መኪና ዘይት በጭራሽ አያስፈልግም፤ የብር ማጽጃም እንዲሁ፤ ምክንያቱም የተወለወለ ቀፎ ላይ ያሉት ጥቃቅን ማኅተሞች እየሳሱ ይሄዳሉ፤ የሰዓቱ መታወቂያ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ቆሞ የቆየ ሰዓት ሲገኝ ወዲያው ሞልቶ መሞከር ብዙዎችን የሚፈትን ነገር ነው። ዘይቱ የደረቀ ማሽን በግድ ሲሠራ ቀጫጭን ዘንጎቹ ይበላሉ፤ ስለዚህ ሰዓት ሠሪ ሳያየው መሙላት አይገባም። «ከልክ በላይ ስለተሞላ ቆመ» የሚባለው ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ የማይንቀሳቀስ ሰዓት የተሞላው በልኩ ነው፤ ያቆመው ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ክፍል ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ በምን እንደሚሞላ ይታያል። አንገቱ ላይ የሚጠመዘዝ መሙያ ከሌለውና ከኋላው የቁልፍ ቀዳዳ ካለው በቁልፍ የሚሞላ የቀድሞ ዓይነት ነው። ያለ ቁልፍ የመሙያውን ዘዴ በ1842 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው አድሪያን ፊሊፕ ሲሆን፣ ስሙ እስከ ዛሬ ፓቴክ ፊሊፕ በተባለው የሰዓት ድርጅት ይታወቃል። ዘዴው ግን በአንድ ጀንበር አልተስፋፋም። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ወደ እሱ ሲዞሩ፣ እንግሊዞች በቁልፍ መሙላትን ከዚያም በኋላ ቀጥለውበታል። ስለዚህ የቁልፍ ቀዳዳ ዘመንን ይጠቁማል እንጂ አይወስንም።

ሰዓቱ የሚስተካከልበት መንገድም ያው ነው። መሙያውን ወደ ላይ ስቦ ማስተካከል በጣም የተለመደ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ የባቡር ሰዓቶች ግን የመስታወቱን ክፈፍ ከፍቶ ከገጹ ጠርዝ ሥር ያለችውን ትንሽ ምላስ በጥፍር መሳብ ግድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መሙያውን በጉልበት ሲስብ ይሰብረዋል። በአንጻሩ ያቺ ምላስ መኖሯ ሰዓቱ ለባቡር ሥራ ታስቦ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ጥሩ ምልክት ነው።

ቀፎውን መክፈት

ቀፎ የሚከፈተው በአራት መንገድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላዋ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። የኋላ ክዳኑ ጠርዝ ዙሪያውን ለስላሳ ሆኖ ማጠፊያ ካልታየበት በጥምዝ የሚፈታ ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ መዳፍ ተጭኖ ወደ ግራ ማዞር ይበቃል። ማጠፊያ ካለው ከማጠፊያው ፊት ለፊት ትንሽ ከንፈር ትኖራለች፤ እሷን በጥፍር ማንሳት ነው። ማጠፊያ ሳይኖረው ከንፈር ብቻ ካለው በግፊት የገባ ክዳን ሲሆን የሚለቀው ከዚያችው ከንፈር ነው። አራተኛው ዓይነት ጭራሽ የኋላ ክዳን የለውም፤ የፊት መስታወቱ ከተነሳ በኋላ መሙያው ወደ ውጭ ተስቦ ማሽኑ ከነገጹ በማጠፊያ ወደ ፊት ይወጣል። ይህን ዓይነት ከኋላ ለመክፈት የሚታገል ሰው የሚያተርፈው ጭረት ብቻ ነው።

ገጹን የሚሸፍን የብረት ክዳን ያለው ሰዓት መሙያው ሲጫን ይከፈታል። ሲዘጋም መሙያውን ተጭኖ ክዳኑን ማስቀመጥና ከዚያ መሙያውን መልቀቅ ይገባል፤ «ቀጭ» እያደረጉ መዝጋት መያዣውን ይበላዋል። ከኋላ ክዳኑ ሥር ሁለተኛ ውስጣዊ ክዳን ካለ እሱም ይከፈታል። ማሽኑ ያለው ከዚያ ሥር ነው።

ማሽኑን ማንበብ

በመጀመሪያ ምንም ሳይነካ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የደበዘዙ ቅርጻቅርጾች ጥላ ስለሚያበጁ ይነበባሉ። ከዚያ አጠቃላይ አቀማመጡ ይታያል። አንድ ክብ ሰሌዳ ጥርሰኞቹን ሁሉ ሸፍኖ፣ እየተወዛወዘ ጊዜ የሚቆጥረው መንኮራኩር ብቻ ከሰሌዳው በላይ ከታየ ባለ ሙሉ ሰሌዳ ማሽን ነው፤ በቀደሙት የእንግሊዝና በትልልቆቹ የአሜሪካ ሰዓቶች የተለመደ አሠራር ነው። ሰሌዳው ሦስት አራተኛውን ብቻ ሸፍኖ መንኮራኩሩ በጎኑ ከገባ ሰዓቱ ይሳሳል፤ ይህ አሠራር በአብዛኛው ኋላ የመጣ ነው። በአንድ ሰሌዳ ፋንታ ብዙ ትንንሽ ድልድዮች ጎን ለጎን ከተደረደሩ ደግሞ ስዊዘርላንድ በመጀመሪያ ትጠረጠራለች፤ ምንም እንኳ አሜሪካኖችም በተሻሉት ማሽኖቻቸው ድልድይ ይጠቀሙ ነበር።

ብዙ ሰው የማያያት ግን በጣም የምትጠቅም ቦታ ማፍጠኛና ማዘግያ ዘንጉ የሚንቀሳቀስባት ትንሽ መለኪያ ናት። በጫፎቿ ኤስና ኤፍ የተባሉት የላቲን ፊደላት ካሉ ማሽኑ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ገበያ ነው፤ ኤና አር ካሉ በፈረንሳይኛ «ማፍጠን» እና «ማዘግየት» ለሚል ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በስዊዘርላንድ የተሠራ ነው። አንድ የስዊዝ ማሽን ሁለቱንም ጥንዶች ሊይዝ ይችላል፤ ያ ለውጭ ገበያ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ስሙና ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የአሜሪካን ሰዓት ለጀማሪ የሚያስመርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እያንዳንዱን ማሽን ተከታታይ ቁጥር ይሰጡት ስለነበር ቁጥሩ ከተነበበ ዓመቱ በግርድፉም ቢሆን ይታወቃል። ማሳቹሴትስ ውስጥ በዋልታም ከተማ የነበረው ፋብሪካና ኢሊኖይ ውስጥ በኤልጂን የነበረው ተወዳዳሪው በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ናቸው። ኤልጂን በ1864 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ሰዓት በ1867 ለገበያ ሲያወጣ ቁጥሩን የጀመረው ከ101 ነበር፤ በ1900 አካባቢ 9 ሚሊዮን፣ በ1910 አካባቢ 15 ሚሊዮን ደርሷል። ዋልታም ደግሞ በ1900 ከ9 እስከ 10 ሚሊዮን ባለው ውስጥ ነበር። ዝርዝር የቁጥር ሰንጠረዦች በሰብሳቢዎች ድረ ገጾች ላይ በነጻ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ቁጥሮችን በጥቅል ይመድብ ስለነበር አንዳንዱ ጥቅል ከዓመታት በኋላ ነው የተሠራው፤ ከሰንጠረዥ የተገኘ ዓመት «አካባቢ» የምትለዋን ቃል ይዞ መጻፍ አለበት።

ሰንጠረዥ ባይገኝ እንኳ የድርጅቱ ስም አጻጻፍ ዘመኑን ያጠብባል። ማሽኑ ላይ «አሜሪካን ዎች ኮምፓኒ» ከተባለ ከ1885 በፊት ነው፤ «አሜሪካን ዋልታም ዎች ኮምፓኒ» ከ1885 እስከ 1906፤ «ዋልታም ዎች ኮምፓኒ» ብቻ ከተባለ ከዚያ በኋላ ነው። ኤልጂንም «ናሽናል ዎች ኮምፓኒ» ከሚለው ስም ወደ «ኤልጂን ናሽናል ዎች ኮምፓኒ» የተሸጋገረው በ1874 ነው። በፔንሲልቬኒያ የላንካስተሩ ሃሚልተን በ1892 የተቋቋመ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ «ሃሚልተን» የለም። የዚህ ፋብሪካ 992 የተባለው ማሽን ለባቡር ሠራተኞች በብዛት ከተሸጡት አንዱ ነው፤ በ1940 የተካው 992ቢ ደግሞ ቁጥሩ ሲ በምትባለው የላቲን ፊደል ስለሚጀምር በአንድ እይታ ይለያል።

ማሽኑ ላይ የሰው ስም ከተገኘ በችኮላ ሠሪው ነው ማለት አይገባም። «ፒ ኤስ ባርትሌት»፣ «ዊሊያም ኤለሪ»፣ «አፕልተን ትሬሲ» የዋልታም የደረጃ ስሞች ናቸው፤ «ቢ ደብሊው ሬይመንድ» እና «ጂ ኤም ዊለር» የኤልጂን ናቸው። ሬይመንድ የቺካጎ ከንቲባ የነበረና የኤልጂን ፋብሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው እንጂ ሰዓት ሠሪ አልነበረም። እንደነዚህ ያሉት ስሞች የሚጠቅሙት የማሽኑን ጥራት ደረጃ ለማወቅ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ «ባርትሌት የሚባል ፈረንጅ ለአያታችን የሰጠው» ተብሎ ከገባ ግን ጥርጣሬ ያስፈልጋል።

መጠኑን ለማወቅ የሚለካው ማሽኑ እንጂ ቀፎው አይደለም፤ ልኩም በገጹ በኩል ያለው የማሽኑ የታች ሰሌዳ ስፋት ነው። የአሜሪካ መጠን ከዜሮ የሚነሳ ሲሆን ዜሮ ማለት 29.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከኢንች አንድ ሠላሳኛ ይጨምራል። በዚህም መሠረት 12 መጠን 39.8፣ 16 መጠን 43.2፣ 18 መጠን 44.9 ሚሊሜትር ይሆናል። ስዊዞች የሚለኩት በሊኝ ሲሆን አንዱ ሊኝ 2.256 ሚሊሜትር ነው። ገጹ ሳይነሳ ትክክለኛውን ልክ ማግኘት ስለሚያስቸግር ጀማሪ በግምት ረክቶ ቢተወው ይሻላል፤ የአሜሪካ ማሽን ቁጥሩ ሰንጠረዥ ላይ ከተገኘ መጠኑም አብሮ ይገኛል።

የዕንቍ ቁጥር ብዙ የሚወራለት ነገር ነው። ዕንቍዎቹ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው ጠንካራ ቀዳዳዎችና ግጭት የሚበዛባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ተሽጠው ገንዘብ የሚያስገኙ ድንጋዮች አይደሉም። ሰባት ዕንቍ የመጨረሻው ትንሹ የተለመደ ቁጥር ነው፦ አራቱ የተወዛዋዡ መንኮራኩር፣ አንዱ እሱን የሚገፋው፣ ሁለቱ የመልሕቅ ቅርጽ ያለው ምላስ ጫፎች። አሥራ አምስት ሲሆን ሰዓቱ መካከለኛ፣ አሥራ ሰባት ሲሆን በበቂ የተሟላ ይባላል፤ 19፣ 21 እና 23 በባቡር ደረጃ ሰዓቶች የተለመዱ ናቸው። «አጀስትድ» የሚል ቃል ከተጨመረ ማሽኑ በተለያየ ሙቀትና በተለያየ አቀማመጥ ተፈትኗል ማለት ነው፤ አምስት አቀማመጥ ከተጻፈ በዘመኑ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። በእኔ ምርጫ ግን ሰው ያልጎረጎረው ባለ 15 ዕንቍ ማሽን ብሎኖቹ ከተላጡበት ባለ 23 ይበልጣል።

የባቡር ሰዓት ነው ወይ?

ገጹ ላይ ባቡር ስለተሳለበት ብቻ የባቡር ሰዓት የሚባል ሰዓት እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኞቹም አይደሉም። ትክክለኛው የአሜሪካ የባቡር ደረጃ ከአንድ አደጋ በኋላ የተጠናከረ ነው። በኤፕሪል 1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ፤ የአንደኛው ባቡር ሠራተኛ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ያህል ቆሞ እንደገና መሄዱ ለአደጋው ምክንያት ተደርጎ ተነገረ። ክሊቭላንድ የነበረው የጌጣጌጥና የሰዓት ነጋዴ ዌብ ቦል የሰዓት ምርመራ ሥርዓት እንዲያቋቁም በባቡር ኩባንያዎች ተጠራ፤ ቀጥሎ የጸኑት መስፈርቶች ዛሬ ለመለየት ያገለግላሉ።

ሰዓቱ ገጹ ክፍት እንዲሆን፣ መጠኑ 16 ወይም 18 እንዲሆን፣ ቢያንስ 17 ዕንቍ እንዲኖረው፣ በአምስት አቀማመጥ እንዲፈተን፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ፣ መሙያው በ12 ቁጥር ላይ እንዲሆን፣ ቁጥሮቹም ጎላ ጎላ ብለው በሚታዩ የአረብ አኃዞች እንዲጻፉ ይፈለግ ነበር። በምላስ መስተካከሉም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ባቡር የተሳለበት ባለ ሰባት ዕንቍ የስዊዝ ሰዓት ይህን ሁሉ ስለማያሟላ ለመንገደኛ እንጂ ለባቡር ነጂ የተሸጠ አይደለም።

ስዊዝ ወይም እንግሊዝ ከሆነ

የስዊዝ ሰዓት ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ውስጠኛው ክዳን ላይ ነው፤ ግን ጽሑፉ የሠሪ ስም አይደለም። «ሬሞንቷር» ማለት ያለ ቁልፍ የሚሞላ ነው፤ «አንክር» የመልሕቅ ምላስ ያለው፤ «ሲሊንድር» ደግሞ ያንን ምላስ በትንሽ ቀዳዳማ ዘንግ የተካ፣ በመደበኛው የረከሰ አሠራር ነው፤ «15 ሩቢ» የዕንቍ ቁጥር ነው። «ኩቬት» ማለት ያ ውስጠኛ ክዳን ራሱ ሲሆን፣ «ኩቬት ሜታል» የሚል ከተገኘ ክዳኑ ከብር ያልተሠራ ተራ ብረት መሆኑን ያስታውቃል፤ «ኩቬት» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው «ኩቬት የተባለ ፋብሪካ» እንዲፈልግ ስላደረገች እንደገና ልብ ማለት ይገባል።

የሮስኮፍ ሰዓት ለብቻው መታወቅ አለበት። ጀርመን ተወልዶ በስዊዘርላንድ የኖረው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሮስኮፍ በ1867 ለሠራተኛው ሕዝብ የሚሆን፣ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ ወፍራም ሰዓት አወጣ። ሥራው በመላው ዓለም ተኮረጀ፤ ስለዚህ «ሲስተም ሮስኮፍ» የሚል ወይም ስሙን በሁለት ኤስ የጻፈ ሰዓት ከሞላ ጎደል የኮራጅ ሥራ ነው። ስማቸው ታላቅ ከሆኑት መካከል ሎንጂን በሰን ቲሚዬ በ1832፣ ዜኒት በለ ሎክል በ1865 የተነሱ ናቸው፤ ኦሜጋ የሚለው ስም ግን ከ1894 በፊት የለም፤ ያኔ የወጣ የአንድ ማሽን መጠሪያ ነበር። ሎንጂን የድሮ መዝገቡን ስለጠበቀ ባለንብረቱ የማሽኑን ቁጥር ልኮ ማስጠየቅ ይችላል።

የእንግሊዝ ሰዓት ከአሜሪካው በአንድ ዋና ነገር ይለያል፤ ማሽኑና ቀፎው አብዛኛውን ጊዜ አብረው ተሠርተው አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ቁጥሮቹ ከገጠሙ ቀፎው ላይ ያለው የዓመት ፊደል የሁለቱንም ዕድሜ ይናገራል። በውስጡ ቀጭን ሰንሰለት የተጠመጠመበት ሾጣጣ ከበሮ ከታየ የሞላው ጉልበት እንዳይዋዥቅ የተደረገ የቆየ አሠራር ነው፤ እንግሊዞች ሌሎች ከተውት በኋላ ለብዙ ዓመት ይዘውት ቆይተዋል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስምና ከተማ ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው፤ ጥሬው ማሽን የሚመጣው ያኔ በላንካሻየር ሥር ከነበረችው ከፕሬስኮት ነበርና።

ቀፎው ምን ይላል?

አሜሪካ ውስጥ ገዢው ማሽኑን ከአንድ ፋብሪካ፣ ቀፎውን ከሌላ መርጦ ሱቅ ውስጥ ያስገጥም ነበር። ስለዚህ የቀፎው ቁጥር ስለ ማሽኑ ዘመን ምንም አይናገርም፤ ሰንጠረዥ ላይ የሚፈለገውም እሱ አይደለም። የጀማሪዎች ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ «የ1870 ሰዓት» የሚባለው የቀፎ ቁጥሩ ተፈልጎ የተገኘ የ1905 ሰዓት ነው። ኪስቶን፣ ክሬሰንት፣ ዱበርና ዋድስዎርዝ የቀፎ ሠሪዎች እንጂ የሰዓት ሠሪዎች ስም አይደሉም።

የብረቱን ዓይነት ለማወቅ ጽሑፉ በሙሉ ይነበባል። «14 ካራት» ብቻ ከተባለ ጥያቄው ገና ክፍት ነው፤ «ዋራንትድ 20 ይርስ» ወይም 25 ዓመት የሚል ከተጨመረ ግን ጥርጥር የለውም፤ በርካሽ ብረት ላይ የተለበጠ የወርቅ ሉህ ነው፤ ዓመቱም ሉህ ሳይበላ ይቆያል የተባለበት ጊዜ ነው። በማንጠልጠያ ቀለበቱ ውስጠኛ በኩል፣ በመሙያው ጠርዝና በማጠፊያው ላይ ከወርቁ ሥር ናስ ብቅ ማለቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። «ሲልቨሮይድ»፣ «ሲልቨሪን»፣ «አላስካ ሲልቨር» የሚሉት ስሞች ብር ብር ይሽተቱ እንጂ የኒኬል ቅይጦች ናቸው። «ኮይን ሲልቨር» ግን እውነተኛ ብር ነው፤ ንጽሕናው ከሺሕ 900 ነው። ወርቁን ለማረጋገጥ አንጥረኛ ዘንድ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን በሞረድ ጠርዙን እንዳይነካው አስቀድሞ መነገር አለበት።

የእንግሊዝ ብር ቀፎ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመድ አንበሳ ንጽሕናው ከሺሕ 925 መሆኑን ይመሰክራል፤ መልሕቅ በርሚንግሃምን፣ የነብር ፊት ለንደንን፣ ሦስት የስንዴ ነዶና ሰይፍ ቼስተርን ያመለክታሉ። ከእነዚህ አጠገብ ያለችው ነጠላ ፊደል የምርመራውን ዓመት ትናገራለች፤ የፊደሎቹ ተራ በየከተማው የተለያየ ስለሆነ በመጀመሪያ ከተማዋ መለየት አለባት። ከ1907 ጀምሮ ወደ እንግሊዝ የገባ የውጭ ቀፎ የተለየ የአስመጪነት ማኅተም እንዲመታበት ስለተደረገ፣ ያ ማኅተም ያለበት ሰዓት በአብዛኛው በእንግሊዝ የተሸጠ የስዊዝ ሥራ ነው።

የስዊዝ ሕግ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በእንስሳት ማኅተም ይናገራል። ድብ ማለት 875 ብር፣ ቆቅ የመሰለች የዱር ወፍ 800 ብር፣ ሽኮኮ የመሰለች ጅራተ ረጅም እንስሳ 14 ካራት ወርቅ፣ የሴት ራስ 18 ካራት ወርቅ ነው። ሦስት ድቦች በአንድ ላይ ከታዩ 935 ብር ሲሆን ለእንግሊዝ ገበያ ታስቦ የተሠራ ነው። ማኅተሙ ሳይኖር «0.800» የሚል ቁጥር ብቻ ካለ የስዊዝ መንግሥት ምርመራ ማረጋገጫ የለውም፤ ቀፎው ከሌላ አገር የመጣ ሊሆንም ይችላል።

ክዳኖቹ ውስጥ በመርፌ የተጫጫሩ ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎችም ይኖራሉ። እነዚህ ሰዓቱን ያደሱ ሰዎች ለራሳቸው የጻፏቸው ማስታወሻዎች ናቸው። ቀን ያለባቸው ከተገኙ ቀፎው ከዚያ ቀን በፊት መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ስለዚህ «ጭረት» ተብለው መጽዳት የለባቸውም።

ገጹ በመጨረሻ

ገጹ የሸክላ ቅብ ከሆነ ከጎን ብርሃን ሲበራበት ጸጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታያሉ፤ በዕድሜ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ጥርጣሬ አይፈጥርም። ይልቅ የሚያጠራጥረው ጽሑፉ በደረቅ ጥቁር ቀለም ከመጠን በላይ ደምቆ ሌላው ነገር ያረጀ ሲመስል ነው። ግርጌው ላይ «ስዊስ» የሚል ከተጻፈ፣ አሜሪካ የገቡ ዕቃዎች ላይ የመጡበት አገር እንዲጻፍ በ1890 በሕግ ስለተደነገገ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ከ13 እስከ 24 የሚሄድ ተጨማሪ ቀለበት ያለው ገጽ እንደ ጣሊያንና ካናዳ ባሉ በ24 ሰዓት በሚቆጥሩ የባቡር መሥመሮች ባሉባቸው አገሮች ይፈለግ ነበር።

ቁጥሮቹ ወይም ቆጣሪዎቹ ላይ ቡናማ ሆኖ የተጠራቀመ ቀለም ካለ ግን መስታወቱ አይነሳ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ሬዲየም ነው። ማብራቱ ቢያቆምም ጨረሩ ገና አለ፤ አደጋው የሚጎላውም ቀለሙ ረግፎ በትንፋሽ ሲገባ ነው።

ሦስቱ አብረው ተወልደዋል?

ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው የመሙያው ቦታ ነው። ለክፍት ገጽ የተሠራ ማሽን መሙያው በ12 ላይ፣ የሰከንዱ ትንሽ ክብ በ6 ላይ ይሆናል፤ ክዳን ላለው ቀፎ የተሠራ ማሽን ግን መሙያው በ3 ላይ ነው። ገጹ ክፍት ሆኖ መሙያው በ3 ላይ ከተገኘ ማሽኑ በአብዛኛው ከሌላ ቀፎ ወጥቶ የገባ ነው፤ የወርቅ ቀፎዎች ለማቅለጥ ሲሸጡ ማሽኖቻቸው እንዲህ ይተርፉ ነበር። ሁለተኛው የብሎን ምልክት ነው። ማሽኑን ቀፎው ላይ የሚይዙት ብሎኖች በቀፎው ከንፈር ላይ ጠባሳ ይተዋሉ፤ አሁን ካሉት ብሎኖች ጋር የማይገጥም ሌላ ጠባሳ ካለ በዚያ ቀፎ ውስጥ ከዚህ በፊት ሌላ ማሽን ኖሯል። ይህ ሰዓቱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ሲሸጥ ግን መነገር ያለበት ነገር ነው።

ሐሰተኛው ሌላ ነው። በቼልያቢንስክ ከ1947 ጀምሮ ሰዓት የሠራው የሶቪየት ሞልኒያ ፋብሪካ 3602 የተባለ ባለ 18 ዕንቍ ጥሩ ማሽን ነበረው። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ አዲስ ቀፎና አዲስ ገጽ ለብሰው በታላላቅ የስዊዝ ስሞች እንዲሁም በጀርመን የጦርነት ምልክቶች ይሸጣሉ። መንኮራኩሩ አጠገብ በአጉሊ መነጽር 3602 የሚል ቁጥር ከተነበበ ገጹ ላይ ያለው ስም ምንም ይሁን ምን ማሽኑ የሞልኒያ ነው።

የተገኘው ሁሉ በመጨረሻ በሦስት መሥመር ይጻፋል። ለምሳሌ፦ «ማሽን፦ ኤልጂን፣ 18 መጠን፣ 15 ዕንቍ፣ ቁጥሩ 9 ሚሊዮን አካባቢ፣ በ1900 ገደማ። ቀፎ፦ ኪስቶን፣ 14 ካራት የወርቅ ሉህ፣ የ25 ዓመት፣ ሁለተኛ የብሎን ጠባሳ አለው። ገጽ፦ የሸክላ ቅብ፣ ሁለት ስንጥቅ፣ ቆጣሪዎቹ ኋላ የተቀየሩ ይመስላሉ።» ከዚህ ጋር የማሽኑ፣ የክዳኖቹ ውስጥና የገጹ ፎቶግራፎች ከተያያዙ ሰብሳቢም ሆነ ሰዓት ሠሪ ሰዓቱን ሳያይ አስተያየት ሊሰጥበት ይችላል። የቤተሰብ ትውስታ ካለ በአራተኛ መሥመር፣ ከማን እንደተሰማ ተጠቅሶ፣ ከሦስቱ ሳይደባለቅ ይጻፍ።